በአንድ እግሬ የቆምኩበት ምክንያት

ለመሆኑ እናንተ በአንድ እግራችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ጫማ ለማውለቅ ግድግዳ ተደግፋችሁ የምትቆሙትን ማለቴ አይደለም። እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ምንም ሳትደገፉ ነው የምለው። እስቲ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሞክሩት፤ እጠብቃችኋለሁ። ተመለሳችሁ? እንግዲያው አቧራችሁን አራግፉና አዳምጡኝ። እኔ በዚህች ነገር የተነሣ ግማሽ እንጅባራ ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ምንም ያልቀረው ሰው ነኝ።

የነገሩ መነሻ ፈረስ ነው። የተወለድኩት ግምጃ ቤት ከምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ፣ ልጅ ጡት በተወ ማግስት ኮርቻ ላይ በሚወጣበት አገር ነው። እኔን ግን ከኮርቻው ቀድሞ ያገኘኝ የትምህርት ቤት ወንበር ሆነና ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ኮሌጅ ወንበር፣ ከኮሌጅም እንጅባራ ወዳለ የመሥሪያ ቤት ወንበር እየተዛወርኩ ይኸው አርባ ዓመት ደጃፍ ድረስ እንደተቀመጥኩ ደረስኩ። ወንበር ደግሞ ደግ ነገር ነው። አይደነብርም፣ አይራገጥም፣ መንገድ ዳር የወደቀ ላስቲክ አይቶ ሽቅብ አይዘልም። ቢሰጣችሁ ቦርጭ ቢሰጣችሁ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀስ አድርጎ፣ እንዳትደነግጡ ተጠንቅቆ ነው።

ታዲያ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ሊያገባ ሆነ። በእኛ ቤት ልማድ ሙሽራው በፈረስ ይታጀባል፤ ከአጃቢዎቹ ፊት የሚጋልበው ደግሞ ታላቅ ወንድም ነው። ይህን ስለማውቅ ለአባቴ ደወልኩና በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ "አባባ፣ ለአጃቢው አንድ ደህና ሚኒባስ ብናዘጋጅስ?" አልኳቸው።

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ቆይቼ ድምፃቸው መጣ።

"የእኔ ልጅ የወንድሙን ሰርግ በሚኒባስ ሊያጅብ ነው?" አሉ። ቀጥለው ወደ አገውኛ ገቡ። አባቴ በአማርኛ ይመክራሉ፤ የሚፈርዱት ግን በአገውኛ ነው። ወደ አገውኛ ከገቡ ይግባኝ የለም።

በሳምንቱ ለሙከራ ግምጃ ቤት ሄድኩ። የአባቴ ፈረስ ዳማው ተጭኖ፣ ልጓም ጎርሶ በጓሮ ቆሟል። ወጣሁ። የወጣሁበትን በደንብ አስታውሳለሁ፤ የወረድኩበትን የሚያስታውሰው ፈረሱ ነው። ጥቂት እርምጃ ተስማምተን ሄድን። ከዚያ ዳማው ቆም ብሎ ዝንብ ሊያባርር አንገቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ዝንቡ ወደ ቀኝ በረረ፣ እኔም ተከተልኩት። ዓይኔን ስገልጥ ድንች ማሳ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። አባቴ ከላይ ጎንበስ ብለው አዩኝና "ሰው አላየህም፤ ተነሥ" አሉኝ። እውነትም ከእሳቸው፣ ከደሳለኝና ከዳማው በቀር ማንም አልነበረም። በዚህ ተጽናናሁ።

ምነው ይህን ያህል አትሉኝም? የእኛን አገር ስለማታውቁ ነው። የአገው ልጅ ሆኖ፣ የዚያ የታወቀ ጋላቢ ልጅ ሆኖ፣ ከቆመ ፈረስ ወደቀ ቢባል ወሬው እኔ ላይ ብቻ አይቀርም። አባቴ ገበያ ሲወጡ ሰው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይስቃል። ደሳለኝ በሚስቱ ዘመዶች ዘንድ የራሱ ስም ይቀርና "የዚያ የወደቀው ወንድም" ይባላል። ቅጽል ስም ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ መሬት ለልጅ ልጅ ይወረሳል። በሰርጉ ቀን አለመውደቅ ነበረብኝ፤ ለምን እንደተጨነቅኩም ማንም ማወቅ አልነበረበትም።

እንጅባራ ስመለስ ምስጢሬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአዱኛ። አዱኛ አብሮ አደጌ ነው፣ የስፖርት አስተማሪ ሆኗል፤ ሆዱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

"ፈረሱ ምንም አላደረገህም" አለኝ ሰምቶ ሲጨርስ። "ፈረስ ላይ በመቀመጫ ብቻ አይቀመጡም። የሚይዝህ ሆድህና ወገብህ ነው። የአንተ መሐል አካል ሞቷል።"

"ሞቷል ስትል?"

"ተቀብሯል በለው" አለና በጣቱ ቦርጬን ጠቅ አደረገው።

ትእዛዙን ሰጠኝ። ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ እግር መቆም፤ መጀመሪያ ዓይን ገልጦ፣ ሲለመድ ጨፍኖ። ቀጥሎ በክርንና በእግር ጣት ብቻ ተደግፎ፣ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ገትሮ መቆየት። ይህንን እሱ ፕላንክ ይለዋል፤ እኔም የራሴን ስም አውጥቼለት ነበር፣ ግን አይጻፍም። ከዚያ ተንበርክኮ ቀኝ እጅን ከግራ እግር ጋር መዘርጋት። ቅቤ፣ ጮማና አረቄ እስከ ሰርጉ ድረስ ከደጄ እንዳያልፉ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ስለ እኔ ብላችሁ ይቅር። በአንድ እግሬ የቆምኩት ሌላውን ለማንሣት የሚፈጀውን ያህል ብቻ ነበር። ፕላንኩ ላይ ደግሞ ሆዴ መሬቱን ቀድሞ ነክቶ ስለጠበቀኝ ብዙም አልደከምኩ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በማግስቱም ወጣሁ፣ በሦስተኛውም። አንድ ማለዳ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቆምኩ። በቃ ቆምኩ። ቁርጭምጭሚቴ እየተንቀጠቀጠ፣ እምብርቴ አካባቢ አንድ ነገር ጭብጥ ብሎ ያዘኝና ምድር ረጋች። እውነት እላችኋለሁ፣ ደስታዬ ሌላ ነበር፤ የደመወዝ እድገት ያገኘሁ ቀን እንኳን እንዲያ አልፈነደቅኩም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ጠረጴዛ ስር አንድ እግሬን እያነሣሁ ዋልኩ።

የእንጅባራን ማለዳ ታውቁት እንደሆነ፣ ጉሙ ደጅ ድረስ መጥቶ ያንኳኳል፤ ብርዱም አጥንት ይቆጥራል። ስለዚህ ነጭ ጋቢዬን ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተከናንቤ ነው የምሠራው። ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ እንዳይጠፋኝም በለሆሳስ እቆጥራለሁ። እንግዲህ በዓይነ ልቡናችሁ ሳሉት። ጎህ ሲቀድ፣ በጉም ውስጥ፣ ነጭ የለበሰ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ እጁን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በግንባሩ ወደ መሬት ይደፋል። ተነሥቶ ይንበረከካል። በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ የኖሩት ጻድቅ ሥዕል በየቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ይህን ያየ የእኛ አገር ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለእናንተ አልነግራችሁም። ለእኔ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ያዩኝ እትዬ የሻረግ ናቸው። ቤታችንን የሚለየው የቀርከሃ አጥር ነው። እሳቸውም የግምጃ ቤት ተወላጅ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ተስካር ሄደው የአባቴን ሰላምታ ይዘውልኝ መጥተዋል። አንድ ማለዳ አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ከአጥሩ በላይ ነጠላቸው ይታየኛል። እግሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ደግመው እግሬን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀስ ብለው ገቡ። ምን ብዬ ላስረዳ? ከፈረስ ስለወደቅኩ ነው ልበል? መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መጀመሪያ የገረመኝ ጸጥታው ነው። ከፊት ለፊቴ አያ ታደለ የሚባሉ የቀርከሃ ወንበር ሠሪ አሉ፤ መዶሻቸው ዶሮን ቀድሞ ነው የሚነሣው። ያ መዶሻ ዝም አለ። እኔ ስፖርቴን ጨርሼ ወደ ቤት ስገባ ቋ ይላል፤ በማግስቱም እንደዚያው። የአያ ታደለ መዶሻ እኔን እየጠበቀ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቀጥሎ በራፌ ላይ በውሃ የተነከረ ሽምብራ በሳህን ተቀምጦ አገኘሁ። የባህታዊ ምግብ መሆኑ ትዝ አላለኝም። አዱኛ ለጡንቻ ጥራጥሬ ብላ ብሎኝ ስለነበር የላከው እሱ መሰለኝና በላሁት፤ ሳህኑንም አጥቤ እዚያው መለስኩ። በማግስቱ ሁለት ሳህን መጣ።

ከዚያ አያ ታደለ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ደገሱና ጠሩኝ። የፍስክ ቀን ነው፣ ቅቤው ከወጡ ላይ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። እኔ ሽሮ ጠየቅኩ። አረቄ ሲቀዳልኝ ብርጭቆዬን በእጄ ከደንኩ። አያ ታደለ ወደ ባለቤታቸው ዘንበል ብለው "የግሉን ጾም ይዟል" ሲሉ ሰማሁ።

"ኧረ አያ ታደለ፣ እኔ ጾምም ጸሎትም የያዝኩ ሰው አይደለሁም" አልኳቸው።

"እንዴት አድርገህ ያዝኩ ትላለህ" አሉኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። "የያዘ ሰው ያዝኩ አይልም።"

ከዚያ ወዲያ መውጫ የለኝም። አይደለሁም ስል ትሕትና ነው ይላሉ፤ ዝም ስል አርምሞ ነው ይላሉ። እውነተኛውን ምክንያት ደግሞ አልናገር። ወሬው መሥሪያ ቤትም ደርሶ ኖሮ አለቃዬ፣ ስሜን ሳይጮህ ጠርቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ "ይቅርታ፣ ሥራ ይዘው ነው?" አለኝ። በድንጋጤ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬም አየሁ። "ባሕር ዳር የጠየቅኩት ዝውውር አለ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንደው ማለዳ ሲቆሙ…" አለና ሳይጨርሰው ወጣ። ከሁሉም ይህ አስቆኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ለአዱኛ ስነግረው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳቀ።

ሳቄ የቆመው አንዲት እናት በራፌ ላይ ሲቆሙ ነው። ከእትዬ የሻረግ ቤት ጀርባ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ደረሰ የሚባል ልጃቸው ለሥራ ብሎ ርቆ ሄዶ ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "ስትቆም ስሙን ጥራልኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም" አሉኝ። ምንም ቢያስረዷቸው የማይሰሙ ሰው ዓይን ነበራቸው። "እሺ እናቴ" ብዬ ሸኘኋቸውና በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። እሳቸው ለልጃቸው ተስፋ የሚያደርጉብኝ እኔ እኮ የማስበው ስለ ቦርጬ ነው።

በማግስቱ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ ቄስ ሞላ ሄድኩ። ቄስ ሞላ ጠምጥመው ሲያገለግሉ ያየ ሰው ጥምቀት ላይ ሲጋልቡ ቢያይ ሌላ ሰው ይመስሉታል። ሁሉንም ከድንች ማሳው ጀምሬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ በመስቀላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልሰማሁት ኃጢአት የለም" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ "ከቆመ ፈረስ ወደቅኩ ብሎ የመጣ ግን አንተ ብቻ ነህ።"

"ምን ላድርግ አባቴ?"

"ያልሆንከውን ነኝ አትበል።"

"አይደለሁም ስላቸው ነው የባሰው።"

"እንግዲያው የሴትየዋን ልጅ ስም ጥራላት። ስም ለመጥራት ባህታዊ መሆን አያስፈልግም።" ጥቂት አሰብ አደረጉና ቀኖና ሰጡኝ፤ ማለዳ ማለዳ አርባ አንድ ስግደት። በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝና "ለወገብም ጥሩ ነው" አሉኝ።

እነሆ ስግደቱም ተጨመረ። ለአጥሩ ማዶ ምን እንደመሰለ አስቡት። የልጁንም ስም እጠራ ነበር፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ደረሰ ብዬ አፌ ሳይዘጋ ልቤ ዳማው ላይ ይወጣል።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያ ለምኜ የተከለከልኩት ሚኒባስ ደግሞ መጣላችሁ፤ የእንጅባራ ጎረቤቶቼን ጢም አድርጎ ጭኖ። አያ ታደለ አሉ፣ አለቃዬ አለ፣ እትዬ የሻረግ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሰፈሬ በሙሉ ጸሎተኛው ሲጋልብ ሊያይ ግምጃ ቤት ገብቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ፤ ብወድቅ የሚያየኝ የግምጃ ቤት ሰው አይበቃኝም ነበር?

አባቴ ዳማውን በቀይ ጥለትና በነሐስ አሸብርቀው አቀረቡልኝ። ጠፍሩን ራሳቸው አጠበቁ። ዓይኔን አላዩኝም፤ ልጓሙን ሲያቀብሉኝ ግን ቶሎ አልለቀቁትም። እሳቸውም ፈርተዋል። ያኔ ነው ይህ ነገር ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ወጣሁና ሆዴን ጨበጥኩ። ዳማው አንገቱን ነቀነቀ፣ እኔ አልተነቃነቅኩም። ደግሞ ነቀነቀ፤ ንቅንቅ የለም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ከኮርቻው ላይ ሆኜ አዱኛን ፈልጌ በዓይኔ ጠቀስኩት። ከደሳለኝ ፊት ሆኜ በሶምሶማ መራሁ። የሙሽሪት ቤት ከአንድ ሜዳ ማዶ ነው፤ ያንን ሜዳ ሳይጋልቡ ማለፍ ነውር ነው። ሜዳው ጫፍ ላይ ስንደርስ ከማዶ እልልታው ቀለጠ፣ ከኋላዬ ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን ለቀቁ። ዳማው ደግሞ ከኋላው የሚመጣ ነገር አይወድም።

ሄደ። ጆሮዬ በነፋስ ተደፈነ፣ ጋቢዬ ትቶኝ ሄደ። መሐል ሜዳ ላይ በቀኝ በኩል ጧ አለ፤ የእርካቡ ጠፍር ተበጠሰ። ቀኝ እግሬ አየር ላይ ቀረ። አሁን በግራ እርካብ፣ በአንድ እግሬ፣ በሚበር ፈረስ ላይ ቆሜያለሁ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የማውቀውን። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እምብርቴን ጨበጥኩ፣ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፣ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ቁጥር ላይ ሳላስበው "ደረሰ" ማለቴን አስታውሳለሁ፤ በልማድ ነው የወጣው። ሃምሳ ስምንት ስል ዳማው ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ የሙሽሪት ቤት ደጃፍ ላይ ነኝ፤ ፈረሱ ለድግሱ የመጣውን ድርቆሽ ይበላል፣ ከእኔ በፊት የደረሰ የለም፣ እኔም አልወደቅኩም።

እልልታው ሰማይ ቀደደ። የእንጅባራ ሰዎች ከሚኒባሱ ወርደው "በአንድ እግሩ፣ በአንድ እግሩ" ይባባላሉ። አያ ታደለ አማተቡ። አለቃዬ ዝውውሩን ያገኘ ያህል ያጨበጭባል። አባቴ በሰው መሐል አልፈው መጡና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ።

"ሰው ሁሉ አይቶሃል፤ ውረድ" አሉኝ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

መውረዱን ግን አልተለማመድኩም ነበር። ሁለት ሰው ደግፎ አወረደኝ፤ እሱንም ለክብር መሰላቸው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዳሱ ውስጥ እትዬ የሻረግ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ደስታዬ ልቤን ስለሞላው እንደ ልጅ መናገር ፈለግኩ።

"እትዬ፣ ያ የማለዳው ነገር እኮ ጸሎት አልነበረም" አልኳቸው።

"እኔስ መቼ ጸሎት ነው አልኩ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ከማን ሰማ ታዲያ?"

"እኔ ያልኩት፣ ልጁን አትረብሹት፣ የያዘው ነገር አለ ነው። የቀረውን ራሳቸው ሞሉት።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ከተስካሩ ስመለስ በአባትህ ጓሮ ነው ያለፍኩት። ድንቹ ውስጥ ተንጋለህ አይቼሃለሁ።"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

"ኋላ በአንድ እግርህ ቆመህ ሳይህ ገባኝ" አሉ። "ፈረስ የጣለው ከሚሉህ ጸሎት የያዘው ቢሉህ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። አባትህን ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ መሳቂያ ሲሆኑ አላይም።"

እጃቸውን ሳምኩ። እጃቸውን ሳይነጥቁኝ ቀጠሉ።

"ግን የሚጸልይ መጥፋት የለበትም ብዬ እኔ ጸልዬልሃለሁ። ስለትም ገብቻለሁ፤ ሳይወድቅ ከተመለሰ በየዓመቱ ጥምቀት ታቦቱን በፈረስ ያጅባል ብዬ።"

"ማን ነው የሚያጅበው?"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኮርቻ ላይ ልወጣ ነው? በአንተ ስም ነው እንጂ የተሳልኩት" አሉና ቅቤ የጠገበ እንጀራ ጠቅልለው አጎረሱኝ።

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ዳማው ላይ ያለው አዲስ ጠፍር ነው፤ በሕዝብና በታቦት መሐል ስጋልብ ግን ስንት እልልታ እንደሚያስደነብረው አላውቅም። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ ጉሙ ውስጥ እቆማለሁ። መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ቀድሜ፣ ደረሰ ስልኩን አንሥቶ እናቱ ጋ እንዲደውል ስሙን እጠራለሁ፣ ቀጥዬ የእትዬ የሻረግን ዕድሜ እለምናለሁ፣ ዳማውን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ። አያ ታደለ አሁንም መዶሻቸውን አስቀምጠው እስክጨርስ ይጠብቁኛል፤ በዚህ ጊዜስ አልተሳሳቱም።